በየሰዓቱ የሚጠቁር ስክሪን

ከገላን ኮንዶሚኒየም በተነሳው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት የኮምፒውተር ሳጥን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋለች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ጠየቃት።

«ምን ሆኖብሽ ነው፣ እህት?»

«አፕዴት ካደረግነው ወዲህ ‹የላይሰንስ ቁጥሩ ልክ አይደለም› ይላል።»

«ቁጥሩን ከየት አመጣችሁት?»

«ፕሮግራሙ የተጫነበት ሲዲ ላይ በማርከር የተጻፈውን ነዋ።»

«እሱንማ ከቃሊቲ እስከ አቃቂ ያልተጠቀመበት ኮፒ ቤት የለም! አፕዴት ሲደረግ ይነቃበታል። ስክሪኑም ይጠቁራል አይደል?»

«በየሰዓቱ። የእናቴን ፎቶ ነበር ያደረግኩበት። ይጠቁራል፣ እመልሳታለሁ፤ ደግሞ ይጠቁራል።»

«አይዞሽ፣ ትክክለኛውን ከገዛችሁ ፎቶው ሁለተኛ አይጠፋም።»

«እሱን ነው የፈራሁት።»

«እንዴት?»

«ድሮ ፎቶዋ እዚያው እያለ፣ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ሳላያት ይመሽ ነበር። አሁን ስትጠፋብኝ በየሰዓቱ ፈልጌ አመጣታለሁ። ከሞተች ወዲህ እንዲህ አይቻት አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ልታሠሪው ወሰድሽው?»

«የእኔ አይደለማ። የአሠሪዬ ነው።»

ሳሪስ ላይ ወራጅ ነበርኩ፤ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።