መምህር እና ተማሪ ያልለየው ድረ ገጽ

ንፋስ መውጫ ቁጭ ብዬ እዚያው አካባቢ ላለው ለቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት መምህራን ድረ ገጽ እሠራ ነበር። እያንዳንዱ መምህር የራሱ ገጽ አለው። ፕሮግራሙ ከተማሪው ገጽ ወደ መምህሩ፣ ከዚያም ወደ መምህሩ መምህር እየወጣ ሁሉንም በሊንክ እንዲያያይዝ፣ መምህር ያልተጻፈለት ሰው ጋ ሲደርስ እንዲያቆም አዘዝኩት። ለእንግዶች ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው ድረ ገጹ ድርቅ ብሎ ቀረ! ቀኑን ሙሉ ስበረብር ውዬ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የድጓው መሪጌታ ገጽ «መምህሬ» ብሎ የቅኔውን መሪጌታ ይጠራል፤ የቅኔው ደግሞ መልሶ የድጓውን። ፕሮግራሙ ለካ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ነው የዋለው።

በንዴት ጦፌ ለድጓው መሪጌታ ደወልኩ። «የኔታ፣ ከሁለታችሁ መምህሩ ማን ነው?»

«ሁለታችንም። እኔ ቅኔን ከእሳቸው ተማርሁ፤ እሳቸው ድጓን ከእኔ።»

«ኮምፒውተሩ እኮ ይህ አይገባውም! አንዳችሁን ልሰርዝ?»

«ኮምፒውተሩን ያስተማረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ በእሱ ላይ ምን ያስቆጣሃል? ጥፋቱ የመምህሩ ነዋ!»