አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት መምህር

ከሁሉ አስቀድሜ የሳፊያን ነገር ልንገራችሁና ልገላገል፤ ከበር ጀምሮ ስትጠይቁኝ ነው የገባሁት። ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ሳፊያ የሐሞት ጠጠሯ ወጥቶላት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ቤቷ ገብታለች። አጥሚት ትጠጣለች፣ ትራስ ተደግፋ ትቀመጣለች፣ ትቆጣለችም። ስትቆጣ ሳያት ነው መዳኗን ያመንኩት። ልጇ አዚዛም ሳሪስ ወንድ ልጅ ተገላግላለች፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ሱቁን ለጊዜው ወንድሟ ሙህዲን ይዞታል። ሳሙና ስትጠይቁት ሻማ ይሰጣችኋል፤ ታገሱት። "ጋሽ ዱጉማ ሳላያቸው እንዳይሄዱ፣ አደራ በያቸው" ብላለች ሳፊያ። ይኸው ብያለሁ።

እሺ። ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ዘኪያ እባላለሁ፤ የዚህ ትምህርት ቤት የፅዳት ሠራተኛ ነኝ። የጋሽ ዱጉማ የጡረታ መሸኛ ንግግር የመምህራን ሥራ ነበር። ግን ተማክረው መጡና "አንቺ ተናገሪ፤ እኛ ስንናገር ስብሰባ ይመስላል" አሉኝ። ርእሰ መምህራችን ሲስተር አደሴ ደግሞ "ዘኪያ፣ አደራ፣ አጭር ይሁን" ብለውኛል። ሲስተር፣ ሐምሌን አትዝነብ ብሎ ያስቆመ ሰው ካለ እኔም አሳጥራለሁ።

ጋሽ ዱጉማ፣ መጀመሪያ የመጡበትን ቀን ያስታውሳሉ? እኔ አልረሳውም። በአንድ እጅዎ የሽቦ ጥቅል፣ በሌላው ካርቶን፣ ከኮትዎ ኪስ ፒንሳ ብቅ ብሎ። ጥበቃችን ሂርጳ፣ አትደበቅ ሂርጳ፣ ከጥግ አይቼሃለሁ፣ ገና ሲያያቸው ዘሎ ተነሣ።

"የት ጠፍተህ ነው? ሳምንቱን ሙሉ ስንጠብቅህ!"

"እኔን?" አሉ ጋሽ ዱጉማ።

"አንተን ነዋ! ና፣ በዚህ በኩል!" ብሎ እየጎተተ የልጆቹ እጅ መታጠቢያ ጋ ወሰዳቸው። ቧንቧው ያፈስ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን "ኧረ እኔ መምህር ነኝ" ይላል። እሳቸው ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ አስያዙኝና ተንበረከኩ። ሲስተር ከቢሮ ወጥተው "አዲሱ መምህር እስካሁን አልደረሱም?" ብለው ሲጠይቁ፣ ሂርጳ "አልመጡም ሲስተር፤ ቧንቧ ሠራተኛው ግን መጥቷል፣ ጎበዝ ነው" አላቸው። ጎበዝ ያለውን እንኳ እንተወው። ቧንቧው እስከ ዛሬ ያንጠባጥባል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጋሽ ዱጉማ ሻይ ያዛሉ፣ ግማሹን ይጠጣሉ፣ ብርጭቆውን የሆነ መስኮት ላይ ይረሱታል፤ ስንቱን ሻይ ቀዝቅዞ ሰብስቤያለሁ! ከፕሪንተሩ ጋር ሲነጋገሩስ ያልሰማ አለ? "አባቴ፣ ዛሬ እንኳ አታሳፍረኝ። አንድ ገጽ ብቻ" ይሉታል። ሲያትምላቸው "ተባረክ" ብለው መርቀው ነው የሚወጡት። የልብስ መቆንጠጫዎቼን "የልጆቹን ስዕል ለመስቀል ነው፣ ለአንድ ቀን ብቻ ዘኪያ" ብለው ወሰዱ። ስዕሎቹ አሁንም በእኔ መቆንጠጫ ተሰቅለው በነፋስ ይወዛወዛሉ፤ የእኔ ነጠላ ግን ባለፈው የሂርጳ ጥበቃ ቤት ጣሪያ ላይ ተገኘ።

ጭቃውንማ አልተወውም። ከቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ ይመጡና አስፋልቱን ትተው በሜዳው ያቋርጣሉ። የእኛን አገር ዋልካ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ከያዘ ጫማውን ነው የሚያስቀር።

"ጋሽ ዱጉማ፣ ምናለ በአስፋልቱ ቢመጡ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ሜዳው ላይ ወፎች አሉ ዘኪያ። ድምፃቸውን በታብሌት ቀድቼ ለልጆቹ አሰማቸዋለሁ።"

"ወፎቹስ ቢሆኑ፣ ቢያንስ የወለወልኩት ክፍል አይገቡም!"

አሁን ስለ ድጋፍ ክፍላቸው ልናገር። ንባብ ያልያዘላቸው፣ ቤት ውስጥ በአንድ ቋንቋ አውርተው ክፍል በሌላ የሚማሩ፣ በየክፍላቸው አንገታቸውን ደፍተው የሚውሉ ልጆች ናቸው እዚያ የሚገቡት። ጋሽ ዱጉማ በመጡ ሰሞን መወልወያዬን ይዤ በሩን ስከፍት ምን አይ? ቢራ የሚባል የሁለተኛ ክፍል ልጅ ማስመሪያ ይዞ የመምህሩ ወንበር ላይ ቆሟል። መምህሩ ከልጆቹ አጭር አግዳሚ ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ፣ እጃቸውን አውጥተው ተቀምጠዋል።

"እጅህን አውርድ! መጀመሪያ አዳምጥ!" ይላቸዋል ልጁ።

መወልወያውን ጥዬ ሮጥኩ። "ሲስተር! ሲስተር! ልጆቹ መምህሩን ቀጧቸው!"

ሲስተርም ልብሳቸውን ሰብስበው እየሮጡ መጡ። ጋሽ ዱጉማ ከአግዳሚው ሳይነሡ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው "እባክዎ ሲስተር፣ ትምህርት ላይ ነኝ" አሏቸው።

ቢራ የሽቦ መኪና ጎማ እንዴት እንደሚጠማዘዝ ነበር የሚያስተምረው፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። የጋሽ ዱጉማ ሕግ ይህ ነው፤ እዚያ ክፍል የገባ ልጅ መጀመሪያ እሳቸውን ያስተምራል። የሚያውቀውን ይናገራል፣ ታብሌቱ ይቀዳል። እሳቸው ልክ እንዳለው ይጽፉታል፣ ልጁ ስዕሉን ይስላል፣ ፕሪንተሩ ተለምኖ ያትማል። ከዚያ ልጁ ማንበብ የሚጀምረው በራሱ ቃል ነው። "የራሱ ቃል እንዴት ይከብደዋል?" ይላሉ።

እንግዲህ ከፋሲካ ወዲህ በዚህ ግቢ ሲወራ የከረመውን አንደባበቀው። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ክፍሉን የሚይዘው ሰው ታጣ። ሲስተር ብዙ ሞከሩ። ሰው ካልተገኘ ክፍሉ ይዘጋል፣ ልጆቹም ወደየክፍላቸው ይመለሳሉ ተባለ። ጋሽ ዱጉማ መምህራኑን አንድ በአንድ ሲለምኑ አይቻለሁ። ለራሳቸው ምንም ሲጠይቁ ሰምተን የማናውቅ ሰው! ሁሉም ክፍል አለበት፣ ሁሉም ደክሞታል። እኔም በየቀኑ ያን ክፍል ስወለውል እንዳይዘጋ ዱዓ አደርግ ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ልጄ ፊርዶስ ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ፊደሉን እያወቀች ገጣጥማ ማንበብ አቃታት። ትድገም ተባለ። ጋሽ ዱጉማ "መጀመሪያ እኔ ጋ ትምጣ" አሉ። የመምህሩ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ዝም። በማግስቱም ዝም። ሳምንት አልፎ ሳምንት መጣ፣ ዝም።

"የማውቀው ነገር የለም" አለቻቸው።

"እጠብቃለሁ" አሉ። "ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም።"

አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ፣ ጋሽ ዱጉማ ያንን ዋልካ ተሸክመው ከበሩ እስከ አግዳሚው ድረስ ወለሌን አስጌጡት። እኔ ኮሪደር ላይ ነኝ። ሰምቼው የማላውቅ ጩኸት ሰማሁ፤ የልጄ ድምፅ ነው!

"ቲቸር! ይቁሙ! እማዬ አሁን ነው የወለወለችው!"

"ውይ! ምን ላድርግ?"

"ጫማዎን ያውልቁ! እንዳይጠርጉት! እርጥቡን ከነኩት ይባስ ይለጠፋል!"

"ታዲያስ?"

"ይደርቃላ! ከዚያ በእንጨት ይፋቃል። ጨርቅ መጨረሻ ነው!"

"ቀስ በይ ልጄ፣ ልጻፈው።"

በሚቀጥለው ሳምንት ፊርዶስ የታተሙ ወረቀቶች ይዛ ቤት መጣች። ጫማውም፣ መወልወያውም፣ እኔም ተስለናል። እኔን ትንሽ አወፍራኛለች። ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች አነበበችልኝ፦ "ጭቃ እርጥብ ሲሆን አትንኩት። እናቴ ታውቃለች።"

እናቴ ታውቃለች። ዕድሜዬን ሙሉ ስወለውል ኖሬ፣ ታውቂያለሽ ብሎ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ፊርዶስ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ያቻትላችሁ፣ ያልሰማች መስላ ኬክ የምትቆርጠው።

ጋሽ ዱጉማ፣ ዛሬ እንኳ እውነቱን ያውጡ። ያን ቀን ጭቃውን ሆን ብለው ነው የረገጡት? አያችሁልኝ? ይስቃሉ!

ታዲያ ባለፈው ሳምንት የኮምፒዩተር መምህራችን ሚራክል፣ እኔ የሲስተርን ቢሮ ስወለውል፣ ጋሽ ዱጉማም እዚያው ሳሉ ገባችና "እኔ እይዘዋለሁ" አለች። እልል ልል ስል ቀጠለች፦ "ግን አንድ ነገር አልችልም። ታብሌቱንም ፕሪንተሩንም እችላለሁ። አግዳሚው ላይ መቀመጥ ነው የሚያቅተኝ። ልጁ ሲሳሳት አፌ ይቀድመኛል።" እውነቷን ነው። ብዙ ለተማረ ሰው ይከብዳል መሰለኝ።

ጋሽ ዱጉማ ከዚያ ወጥተው ቀጥ ብለው እኔ ጋ መጡ።

"ዘኪያ፣ ጠዋት ወለሉን ስትጨርሺ አንድ አንድ ክፍለ ጊዜ አግዳሚው ላይ ትቀመጫለሽ?"

"እኔ? ምን አውቄ?"

"የማታውቂ ሰው ነው የቸገረን። እኔ አንዳንዴ እያወቅሁ እጠይቃለሁ፤ ልጆቹ ይነቁብኛል። አንቺ ግን ከልብሽ ነው የምትጠይቂው።"

"ዝም ብሎ መቀመጥ እኮ አልችልም ጋሽ ዱጉማ!"

"ዝም በይ ማን አለሽ? ጠይቂ።"

ሲስተርም ፈቀዱ። ማክሰኞ ጀመርን። ዱሬሳ የሚባል የአንደኛ ክፍል ልጅ በጣቱ ታብሌት ላይ እንዴት እንደሚሳል አስተማረኝ። "ይሄ ቀለም ከየት ነው የሚወጣው? እጅህን አያቀልመውም?" ብዬ ተነሥቼ ስጠይቀው እንዴት ብሎ አየኝ መሰላችሁ! "እትዬ ዘኪያ፣ ተነሽ አላልኩም፤ ቁጭ በይና ስሚ!" አለኝ። ሚራክል አፏን በሁለት እጇ ይዛ አንዲት ቃል ሳትናገር አሳለፈችው። ላቧ መጥቶ ነበር፣ ግን አሳለፈችው። የዱሬሳ ገጽ ታትሞ ወጥቷል፤ ግድግዳው ላይ ሂዱና እዩት።

ስለዚህ ጋሽ ዱጉማ፣ በሁላችን ፊት ይስሙኝ። ክፍሉ አይዘጋም። ሰኞ ጠዋት ቤትዎ ሆነው ሰዓት አይዩ፣ ልጆቹ የት ገቡ ብለው አያስቡ፤ ክፍላቸው ውስጥ ናቸው። ስለ ቢራ፣ ስለ ፊርዶስ፣ ስማቸውን ጠርቼ ስለማልጨርሳቸው ሁሉ እናመሰግንዎታለን። ስለ ትዕግሥትዎ፣ ለዚያ ሁሉ ዘመን እዚያ አጭር አግዳሚ ላይ ስለታጠፈው ጉልበትዎ እናመሰግንዎታለን። ባለቤትዎንም እንዲህ አምሽተው ሲመጡ ስለቻሉልን እናመሰግናለን።

አሁን ሁላችሁም ተነሡ፤ የያዛችሁትን አንሡ። ሲስተር ወይናቸውን፣ ሂርጳ የቢራ ጠርሙሱን፣ እኔ ሚሪንዳዬን። ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ዓይንዎን አይጋርድብዎ። ደጅዎ ከጠያቂ፣ ቤትዎ ከልጅ ልጅ ጫጫታ አይጉደል። በየሄዱበት የሚያስተምርዎ አይጡ።

"አላውቅም" ብለው ለመጡ ልጆቻችን "ታውቃላችሁ" ላሏቸው ሰው፤ ለጋሽ ዱጉማ!