ከጭስ ማውጫው በላይ

በሰላም ወረዱ ጋሼ? ኧረ ይቀመጡ፣ መታጠቢያ ውሃ ላምጣልዎት። ጣሪያችን አርጅቷል፣ ሲረግጡት ይንቋቋል። ቀኑስ ጥሩ ነው አይደል? ፀሐይም ወጥታለች መሰለኝ... እኛ ግቢ ስትደርስ እነግርዎታለሁ።

እና ቧንቧው ንጹሕ ነው አሉኝ? ጥቀርሻ የሚባል የለም? እኔማ ጭሱ ከቤት እንዲወጣልኝ ምን ያላደረግኩት አለ! አመዱን ዛቅኩ። አምና የተፈለጠውን፣ ሲያንኳኩት የሚጮኸውን ደረቅ እንጨት ብቻ ነው የምማግደው። "አየር አጥቶ ይሆናል" ሲሉኝ መስኮት ከፈትኩ። ስከፍተው ታዲያ ምን ይታየኛል? የጎረቤት ፎቅ ግድግዳ። ግን ምን ዓይነት ግድግዳ! ቀለሙን አይተውታል? እንዲህ ያለ ግድግዳ አፍንጫው ሥር የቆመለት ሰው አየር ምን ያደርግለታል?

ነፋሱ ከፎቁ ይጋጭና ቁልቁል ወርዶ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሰዋል ነው የሚሉኝ... እኔ ደግሞ ምድጃውን ስሰድበው ከረምኩ! ይቅር በለኝ ምድጃዬ። እና ቧንቧው ከፎቁ ጣሪያ መብለጥ አለበት? ውይ ጋሼ፣ ይቺን ቀስ ብለው ይናገሯት። እሱን መብለጥ የሚባል ነገር እዚህ አይወደድም።

ቀና ብለው አይዩ፤ የፎቁ በረንዳ ላይ ሰው የለም። ጋዜጣ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ገጽ ያልተገለጠ ጋዜጣ... አንባቢው እንዴት ያለ አስተዋይ ቢሆን ነው!

እኔ ሰው አላማም። ከፍ ያለ ሰው ነው፣ ሁሉም ይመሰክራል። አንዲት ሞኝ ሴት ነበረች አሉ፣ ታናሿን አዝላ አሳድጋ፣ የግቢዋን ግማሽ ቆርሳ "በል ሥራበት፣ ከፍ በልበት" ብላ የመረቀችው። ታዛዥ ልጅ አይደል? ቃል በቃል ፈጸመው። ታዲያ ማን ይወቀሳል? ምርቃቷን መጥና መስጠት ነበረባት።

ጓዳ የሚያስለው ማን ነው አሉኝ? እናታችን ናት... እናቴ ማለቴ ነው። "እናታችን" ማለት ለምዶብኝ እኮ ነው። እሳት ሳነድ ጭሱ፣ ሳጠፋ ብርዱ። ሐኪሙ ክረምቱን እንዲህ ሆና አትዘልቀውም ብሏል። ደግነቱ ሳሏ እላይ ፎቁ ድረስ አይሰማም፤ መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው። እንቅልፍ የሚያውቅ ሰው!

ቧንቧውን ለማስረዘም ከግድግዳው ጋር የሚያያዝ አንድ ብረት ይበቃል? አንድ ብቻ? ጠይቄማ ነበር ጋሼ። "ቀለሙ ይበላሻል" ተባልኩ። እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ ቀለም ድጋሚ ከየት ይገኛል? እናት እንደሁ...

የለም፣ አልቀየምም። እንዲያውም ልመርቀው፤ ምርቃቴ እንደሚይዝለት አይተናል። ዕድሜ ይስጠው። ልጆቹን ለቁም ነገር ያብቃለት፣ በሁሉ ነገር ይብለጡት። ሲያድጉ ደግሞ ሩቅ አይሂዱበት... እዚሁ፣ ከጎኑ ቤት ይሥሩ።