ስንት ተሳፈረ፣ ስንት ወረደ

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ያውም የጠበቃ እውነት ሳይሆን የንስሐ እውነት። አንዲት ቃል የተጨመረችበት እንደሆነ ጣና እስከ ደቅ ደሴት ይድረቅ፣ ዓሣውም በእግሩ ሄዶ ገበያ ይውጣ። የሚጠራጠር ቢኖር ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ገብቶ «ካፒቴን ቢያዝንን ታውቃላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። አላውቃቸውም የሚል ካገኘ፣ ያ ሰው ትናንት ማታ ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ነው።

ካፒቴን ቢያዝን ሠላሳ አራት ዓመት በጣና ላይ ጀልባ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ መሪው ተሰብሮባቸው ጀልባዋን በትከሻቸው እየገፉ፣ ዋርካ በሚያክል ማዕበል መሀል፣ ሁለት መቶ ምእመናን ከዘጌ አሻግረዋል። ጀልባዋ የምትይዘው አርባ ሰው ነው የሚሉ አሉ፤ እነዚያ ግን በዕለቱ አልነበሩም።

ከሐይቁ ዳር ያለው ሆስፒታል የልብ ሕክምና ክፍል ከከፈተ ወዲህ ደግሞ ካፒቴን ሌላ ሥራ ያዙ፤ ማመስገን። ደረጃ ሲወጣ ቆም የሚል፣ ሲተኛ ትራስ የሚደራርብ ሰው ካዩ እጁን ይዘው ይወስዱታል። «ዐሥራ አንድ ሰው ላክሁ» ይላሉ፤ «ዐሥራ አንዱም እንደ እንቦሳ እየፈነጨ ተመለሰ።» ሰውም ያምናቸዋል። ሌላ የሚያምነው ነገርስ የት አለና?

ዐሥራ ሁለተኛዋ የራሳቸው ደም ነበረች። መሲ፣ የሟቹ ወንድ ልጃቸው ብቸኛ ልጅ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ሲያማት የከረመው በሽታ ልቧ ላይ ወርዶ አንደኛውን በር አጥብቦት ኖሯል። ሐኪሞቹ በጭኗ የደም ሥር ገብተው በትንሽ ፊኛ ከፈቱላት። ካፒቴንም በማግስቱ ሐይቁን አሻግረው፣ እናቷ ወይዘሮ ሰገነት እህል ወደሚነግዱበት ወደ ቆላ ድባ ሊወስዷት ቆረጡ። ወይፈን ተገዝቷል፤ አገሩ ሁሉ ተጠርቷል። የቆላ ድባ ሰው የመሲን ልብ ሲመታ በጆሮው ካልሰማ ምን ምስጋና አለ?

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ጀልባ ሊነጋገሩ ወደብ ወረዱ። እዚያም ሳያስቡት ከአንዲት ወጣት ጋር ተገናኙ፤ የልብ ክፍሉ ነርስ ማህሌት ናት። መዝገብ ታቅፋ ከጀልባ ነጂ ወደ ጀልባ ነጂ ትዞራለች።

«እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ? አንች ደግሞ ከጀልባ ተራ ምን ጣለሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካፒቴን። ሰው እየፈለግኩ ነው። እኛ ጋ ታክመው ሐይቁን የተሻገሩ አራት ሰዎች ስልክ አያነሱም። የሚያውቃቸው ጀልባ ነጂ ባገኝ ብዬ ነው።»

«ድነው ነዋ! የዳነ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ስልክ ምን ብሎ ያነሳል?»

«የሞተም አያነሳም፣ ካፒቴን።»

«በስመ ሥላሴ! ምን ዓይነት አፍ ነው?» አሉና አማተቡ። ከዚያ ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት። «ቆይ፣ ባለፈው ስብሰባ ላይ ያ ሰሌዳ ይሰቀል ስትይ የነበርሽ አንች አይደለሽም?»

«ነኝ። አይሰቀልም ብለው መጀመሪያ እጅዎን ያነሱት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ካፒቴን በሆስፒታሉ ጉባኤ የሕዝብ ተወካይ ናቸው። ማህሌት ያመጣችው ሐሳብ ደግሞ አጭር ነበር። በዓመቱ ስንት ሰው ልቡ ታከመ፣ ከሠላሳ ቀን በኋላ ስንቱ በሕይወት አለ፣ ስንቱ ዐረፈ፣ ስንቱስ በሰባተኛው ቀን ለምርመራ ተመለሰ፤ ይህ በሰሌዳ ተጽፎ መግቢያው ላይ ይሰቀል፣ ማንም ያንብበው።

«ስሚ ልጄ» አሉ ካፒቴን፤ «መርዶ ሥርዓት አለው። በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገር። አንች በር ላይ ልትሰቅይው! ልቡን ይዞ የመጣ በሽተኛ ‹ሦስት ሰው ሞተ› የሚል ጽሑፍ ሲያነብ እዚያው ደጃፉ ላይ አራተኛ ይሆናል።»

ማህሌት ሳቀች። «ከስንት ሰው ሦስት እንደሆነም እኮ አብሮ ያነባል። አሁንስ ምን አንብቦ ይገባል? ምንም። የሚሰማው የእርስዎን አፍ ነው።»

«አፌ ምን ሆነ?»

«አፍዎማ ከሆስፒታሉ ማስታወቂያ ይበልጣል።»

ካፒቴን ይህን እንደ ምስጋና ቆጥረው ጢማቸውን ዳሰሱ። የሰው ልጅ ሲወቀስም የሚመሰገን የሚመስለው ጊዜ አለ። ወዲያው ግን ሁለተኛውን ክርክር አነሡ፤ ያውም ቀላል አልነበረም።

«እሺ፣ ሰቀልሽው እንበል። ሐኪሙ ምን ያደርጋል? በሽታው የጠናበትን እየመለሰ ቀላል ቀላሉን ይመርጣል። ስሙ በሰሌዳ ላይ እንዳይጠቁር። እኔም ብሆን አደርገዋለሁ።»

«ይሄ እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ እኛም ፈርተነዋል» አለች ማህሌት፤ እንደ መጀመሪያው አልሳቀችም። «ግን ልጠይቅዎ። በእርስዎ ጊዜ ከዚህ ወደብ ሲነሡ መዝገብ ላይ ምን ይጻፍ ነበር?»

«ስንት ሰው ተሳፈረ። ስንት ሰዓት ተነሣን። ነፋሱ ከየት ነው፣ ማዕበሉስ ምን ያህል ነው።»

«ማዕበሉ ለምን ይጻፋል?»

«ለምን ይጻፋል ትላለች! በማዕበል የነዳ ካፒቴንና ውኃው ተኝቶለት የነዳ ካፒቴን እኩል ሊቆጠሩ ነው እንዴ?»

«እኛም ማዕበሉን እንጽፋለን። በሽተኛው ሲመጣ ምን ያህል ደክሞ እንደነበር፣ ሌላ ምን ሕመም እንዳለበት ከውጤቱ ጎን ይጻፋል። ያኔ ከባዱን የተቀበለ ሐኪም ይከበራል እንጂ አይታማም።»

ካፒቴን ዝም አሉ። በዕድሜያቸው ዝም ሲሉ ይህ ሁለተኛቸው ነው፤ የመጀመሪያው በሠርጋቸው ቀን፣ ያውም ለቡራኬ።

«አንድ ልጨምር» አለች። «አርባ ሰው ጭነው ሐይቁ መሀል ሲደርሱ መዝገቡን ይዘጉት ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው? ዘጌ ሳላወርድ? ስንት ተሳፈረ ብሎ ስንት ወረደ የማይል መዝገብ ምን መዝገብ ነው?»

«የእኛ መዝገብ ነው፣ ካፒቴን። እስካሁን የምንቆጥረው አልጋችን ላይ የሞተውን ብቻ ነው። ከበሩ ወጥቶ ሐይቁን የተሻገረውን ‹ድኗል› ብለን እንዘጋዋለን። ማዶ መውረዱን ግን ያየ የለም።»

ነፋስ ከሐይቁ ተነሥቶ የመዝገቧን ቅጠሎች ገለጠ። ካፒቴን ወደ ውኃው እያዩ፣ ግን እንደ ቀድሞው ሳይጮኹ፣ «ዐሥራ አንድ ሰው ላክሁ፤ ዐሥራ አንዱም...» ብለው ጀመሩ።

«ክንዱስ?» አለች ማህሌት።

ክንዱ ዐሥራ ስምንት ዓመት የጀልባቸው ረዳት የነበረ ሰው ነው። እሱንም እጁን ይዘው ያሳከሙት እሳቸው ናቸው።

«ክንዱ ደቅ ገብቶ ያርሳል።»

«ክንዱ በአምስተኛው ቀን ዐርፏል፣ ካፒቴን። በሁለተኛው ቀን ይዘውት ሄዱ፤ መዳኑን ለአገሩ ሊያሳዩ። የደም ማቅጠኛው ክኒን መጠን በየቀኑ መታየት ነበረበት፤ ያየለት የለም። በአምስተኛው ቀን ግራ እጁ ብርጭቆ መያዝ አቃተው። ምልክቱን ቀድሞ የነገራቸውም፣ ስልክ የደወለላቸውም አልነበረም። ቤተሰቡም ‹አመስግነው የላኩን ካፒቴን ናቸው፤ ቅስማቸው እንዳይሰበር አይነገራቸው› ብለው አደራ አሉ።»

ካፒቴን በተጠቀለለ የጀልባ ገመድ ላይ ቁጭ አሉ። እንግዲህ ይህ የእኛ ይሉኝታ ነው። ሐዘንተኛው እንባውን ዋጥ አድርጎ የመካሪውን ቅስም ይጠብቃል፤ መካሪውም ቅስሙ ደህና ስለሆነ የሚቀጥለውን ሰው በዚያው መንገድ ይልካል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ ሞቱን ለሸሸገ ሆስፒታልስ ከየት ይምጣለት?

«አላወቅሁም» አሉ። «ባውቅ ኖሮ... አላወቅሁም እኮ፣ ልጄ።»

«ያላወቁት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ሐኪሙም አላወቀም። ስላላወቀም ቀጣዩን በሁለተኛው ቀን ሰደደው። ሰሌዳው እርስዎን ለማዋረድ አይደለም፤ ሐኪሙንም ለመክሰስ አይደለም። ሁላችንም አንድ ቁጥር እያየን እንድናፍር፣ አፍረንም እንድናርመው ነው።»

«መሲን ነገ ልወስዳት ነበር» አሉ ካፒቴን።

«አይውሰዷት። ሰባት ቀን እዚሁ ግሽ አባይ ሰፈር ቤትዎ ትቆይ። በየቀኑ እያመጡ ያስመርምሯት።»

ካፒቴንም ያን ጊዜ ተረቱ። ለወይዘሮ ሰገነት ደውለው ድግሱ እንዲቆይ፣ ወይፈኑም ሣሩን እንዲግጥ አዘዙ። መሲን ቤታቸው አስቀምጠው አንበሳ ግልገሉን እንደሚጠብቅ ጠበቋት። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ብርጭቆ ከግራ እጇ ወደቀ። ካፒቴን ባጃጅ አስቁመው፣ ባጃጁም ክንፍ አውጥቶ፣ ከግሽ አባይ ተነሥተው ሆስፒታሉ በሁለት ደቂቃ ደረሱ። ሐኪሞቹም በጊዜ አገኟትና ዳነች።

በሚቀጥለው ጉባኤ መጀመሪያ እጃቸውን ያነሡት ካፒቴን ነበሩ፤ ይህን ጊዜ ይሰቀል ብለው። ሥራው ተጀመረ። ቁጥሩ ሲሰበሰብ የሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ ቶሎ የወጡና ማዶ ያሉ መሆናቸው ታወቀ። ስለታወቀም ከሐይቁ ማዶ ለሚመጡ ሰባት ቀን የሚያርፉበት ክፍል ተሰናዳ። ነርሶች በሦስተኛው ቀን መደወል ጀመሩ። ክኒኑ ምን እንደሆነና ምን ምልክት ሲታይ መሮጥ እንደሚገባ ሳይነገረው የሚወጣ በሽተኛ ቀረ። በሽተኛም «ማን አመሰገነው?» ማለቱን ትቶ «ሰሌዳው ምን ይላል?» ማለት ለመደ።

ሰሌዳው በተሰቀለ ቀን ሕዝብ በሆስፒታሉ አዳራሽ ተሰበሰበ፤ ግማሽ ባሕር ዳር ነበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰሌዳው ከመድረኩ ጎን ቆሟል። የታከሙ፦ መቶ አራት። በሠላሳኛው ቀን በሕይወት ያሉ፦ መቶ አንድ። ያረፉ፦ ሦስት። ካፒቴን ቢያዝን ተነሥተው ይህን ታሪክ፣ ልክ እዚህ እንደተጻፈው፣ ከወደቡ እስከ ባጃጁ ተናገሩ። መጨረሻም ላይ ከዘራቸውን አንሥተው «መቶ አንድ» የሚለውን ነኩና «የእኔ መሲ እዚህ ውስጥ ናት!» አሉ። ጭብጨባው ሐይቁ ውስጥ ያሉ ጉማሬዎችን አስነሣ። ማህሌት ብቻ አላጨበጨበችም፤ አንገቷን ደፍታ ነበር።

ከኋላ ወንበር ጥቁር የለበሱ ሴት ተነሡ። ከቆላ ድባ የመጡት ወይዘሮ ሰገነት ናቸው። ከአጠገባቸው ኮፍያውን በእጁ ይዞ አንድ ጎልማሳ ቆሟል። እሳቸው ወደ ሰሌዳው ሲሄዱ ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ።

«አባባ» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ክንዱ ያውና። ዛሬ በጀልባው ያሻገረኝ እሱ ነው፤ ደህና ነው።»

ካፒቴን ከዘራቸውን ቀስ አድርገው አወረዱ።

«ከማህሌት ጋር የተነጋገራችሁት ከመሲ አርባ በኋላ ነው። በአምስተኛው ቀን ብርጭቆ የወደቀውም ከእሷ እጅ፣ እኔ ቤት ነው። በሁለተኛው ቀን ይዘዋት ሲመጡ እልል ብዬ የተቀበልሁም እኔ ነኝ፤ እርስዎን ብቻ አልወቅስም።»

ጣታቸውን «መቶ አንድ» ከሚለው አንድ መስመር ዝቅ አደረጉ።

«መሲ እዚህ ናት፣ አባባ።»