የዓሣዋ ሁለተኛ ቅጂና ያልተቀመጡት እኅታችን

ከሁሉ አስቀድሜ በሕይወቴ እምላለሁ፤ ዛሬ በእኅታችን ስንብት ላይ የማነብላችሁ ሁሉ እውነት ነው። ሽማግሌ ሰው በቀረችው ዕድሜ ቢምል ምን ይጎዳል እንዳትሉ፤ ይህች ሕይወት ከየት እንደ መጣች ስትሰሙ መሐላው ክብደት እንዳለው ትረዳላችሁ።

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ሰባ በመቶ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት እኅታችን፣ ከጽሕፈት መኪና ጠጋኝ አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ ለሁለት ወንድሞች ታናሽ ሆነው ከስድሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት ተወለዱ። አዋላጂቱ እጇን ታጥባ ዘወር ስትል ሕፃኗ ከአልጋው ጫፍ ደርሰው ነበር። እኔ ታላቃቸው ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርሁና በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ተቀምጠው ያያቸው ዘመድ ካለ እጁን ያውጣ።

የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታችን በአርባ አንድ ዓመታቸው፣ የመፍቻ ሣጥናቸውን እንደ ጨበጡ ደረጃ ላይ ወድቀው ቀሩ፤ ስምንት ዓመት ቆይቶም መካከለኛው ወንድማችን በሃያ ሁለት ዓመቱ ኳስ ሲጫወት ወደቀ። ሐኪሙ የሁለቱም ልብ ሰፍቶና ደክሞ እንደ ነበር ገልጸው «በዘር የሚወርድ ነው» ቢሉ፣ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩት እኅታችን «ዘሩ የትኛው ቦታ ላይ?» ብለው ጠየቁ። እኅታችን የቀረውን ዕድሜያቸውን በሙሉ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ሲሮጡ ኖሩ፤ ተራው የእኔ ወይም የእሳቸው መሆኑን ያውቁ ነበርና በቤተ መጻሕፍት እንኳ ቆመው ከማንበባቸው የተነሣ ወንበራቸው ለሌላ ሰው ተሰጠባቸው።

ትምህርታቸውን በማዕረግ ፈጽመው የተቀጠሩበት ቤተ ሙከራ ከምድር በታች ያለ፣ የውኃ መግፊያው ቀን ከሌት የሚያጉረመርምበት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በመስታወት ገንዳ የተሞላ ክፍል ነበር። በገንዳዎቹ ውስጥ ከጣት የማትበልጥ ባለ መሥመር ዓሣ ትዋኛለች፤ ጽንሷ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ስለ ሆነ ገና በሁለተኛው ቀን ልቧ ሲመታ በአጉሊ መነጽር ይታያል። እኅታችን የዚህችን ዓሣ የዘር ጽሑፍ፣ ዘረመሎቿ የተጻፉበትን መዝገብ፣ ከሰው የዘር ጽሑፍ ጎን ዘርግተው ፊደል በፊደል ሲያስተያዩ ኖሩ። ከመቶ የሰው ዘረመል ሰባ ያህሉ በዓሣዋ ውስጥ ዘመድ አለው። ይህንኑም በየሰርጉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ተቆጥተው «በሠላሳውስ ምንድን ነኝ?» ቢሏቸው፣ «እሱን ገና እያጣራን ነው» አሉ።

ትዳራቸውን ከሰዓት ጠጋኙ ባለቤታቸው ጋር የመሠረቱት፣ የእጅ ሰዓታቸው ሁልጊዜ እየቀደመ ስላስቸገራቸው ወደ ሱቁ ገብተው ነው፤ ባለቤታቸው ሰዓቱ ጤነኛ መሆኑን፣ የሚቀድሙት ሴትዮዋ መሆናቸውን ከነገሯቸው በኋላ ተጋቡ። አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ልጅቱ ከተወለደች በኋላ ግን ሩጫቸው ባሰ።

ከሟቹ ወንድማችን ልብ ሆስፒታሉ ያስቀመጠውን ቁራጭ መርምረው አንዲት የተለወጠች ፊደል አገኙ፤ በሰውም በዓሣም ዘንድ አንድ ዓይነት የሆነች፣ በቤታችን ብቻ የተሳሳተች። ፊደሏ ያለችበት ዘረመል ጥፋተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ በዓሣዋ ውስጥ እንዳይሠራ አድርገው ሰበሩት፤ ዓሣዋ ምንም ሳትሆን ዋኘች። እኅታችን በስሙ ላይ ቀይ መሥመር አስምረውበት ሌላ ፍለጋ ገቡ፤ በዚህም ስድስት ዓመት አለፈ። እኔን ባዩ ቁጥር የእጄን አንጓ ይዘው የልቤን ምት ይቆጥሩ ነበር።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበርሁ። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ፣ እኔ በወንበር እሳቸው በመስኮቱ አጠገብ፣ የትኬት ቆራጫችንን ጉድ አወራኋቸው። ሰውየው ሦስት ሳምንት ከሥራ ሲቀር መንታ ወንድሙ ኮፍያውን ደፍቶ ሲሠራለት አለቃው አላወቀም።

«ማንም ሳያውቅ?» አሉኝ።

«ትኬቱ ተቆርጧል፤ ማን ፊት ያያል!»

«ሁለቱም ቢቀሩስ፣ ጋሼ?»

«ያኔማ አውቶቡሱ ይቆማላ። አንቺ ደግሞ።»

ሻዩን ሳይጨርሱ ወጥተው ሮጡ። ይህን የፈጠርሁት መስሏችሁ የምትተያዩትን አይቻችኋለሁ፤ ግን እውነት ነው። የዓሣዋ ቅድመ አያቶች የዘር ጽሑፋቸው በጥንት ዘመን ሙሉ በሙሉ በእጥፍ የተገለበጠላቸው ስለ ሆኑ፣ ለእኛ አንድ የሆነው ዘረመል ለእሷ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ነው። የዓሣዋ ጽሑፍ ያን ጊዜ በከፊል ብቻ የተነበበ በመሆኑ ሁለተኛው ቅጂ አልተመዘገበም ነበር። አንዱን ሲሰብሩት ሌላው ኮፍያውን ደፍቶ ሲሠራ ኖሯል። ፈልገው አገኙት፤ ሁለቱንም ሰበሩ። በሦስተኛው ቀን የጽንሶቹ ልብ ሰፋ፣ ደከመም።

ከዚያም የሁላችንም ደም ተመረመረ። ዕድሜ ልካቸውን ሞት ያሳድደኛል ብለው የሮጡት እኅታችን ፊደሏ የለባቸውም፤ ልጃቸውም የለባትም። ያለብን እኔና ወንድ ልጄ ነን። ውጤቱን በነገሩኝ ዕለት፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በሳምንቱ በእኔም በልጄም ደረት ውስጥ ልብ ሲስት የሚቀሰቅስ መሣሪያ ተተከለ። እኔን ሁለት ጊዜ እንደ በቅሎ ረግጦ ከሞት መልሶኛል፤ የማልሁባት ሕይወት ይህች ናት።

እኅታችን ከዚህም በኋላ አላረፉም፤ የሌሎች ቤቶችን ፊደል ሲፈልጉ ቆይተው፣ በገጠማቸው የጉበት ሕመም ሰባት ወር ታክመው ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ የወንድማቸውን ልጅ፣ እኔን፣ እንዲሁም ዐሥር ሺህ ዓሣ ትተውልናል፤ የሚጠራጠር ሄዶ ይቁጠር። ዕረፍት የማታውቀውን ነፍሳቸውን እንዴት እንደሚያሳርፍ ፈጣሪ ያውቃል፤ እኛ ሰፊ ቦታ እንዲሰጥልን እንለምናለን።

አንዲት ትንሽ ነገር ግን ፈጥሬአለሁ። የዚያን ዕለት የተቀመጡት እሳቸው አልነበሩም። ወንበር ስቤ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አንድ እጃቸውን በትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣ በሌላው ለልብ ሐኪሙ እየደወሉ፣ እንደ ቆሙ ነበሩ።