ጭስ ያልገባበት ቤት

ጋሼ ደባልቄ፣ ና እዚህ ተቀመጥ። ጥላው በዚህ በኩል ይሻላል። ከፊታችን ያሉትን ሰውዬ ብቻ እንዳትገፋቸው... እሳቸው እንደኛ አግዳሚ ላይ አይደሉም፣ የክብር ወንበር ላይ ናቸው። ማሽላው እንዴት ሆነልህ? መሬቱን አለሰለስከው? ዝናቡ ዘንድሮ ሳይቸኩል አይቀርም። ትናንት በመንጌ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ አየሁት። ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው።

ውሃ ደርሶሃል? ውሰድ እንጂ፣ በነጻ ነው። ጠጥተህ ስትጨርስ ባዶውን ሃይላንድ መልስላቸው፤ ለሚቀጥለው ግድግዳ ይፈልጉታል። ቀልዴን አይደለም። አሁን በእጅህ የያዝከው የሰው ቤት ነው... ቀስ ብለህ ጠጣ።

ድምፄን ከፍ ሳደርግ አትቀየመኝ። ጆሮህ የከበደ መስሎኝ ነው። አልከበደም? እንግዲያው የኔ ይሆናል። ከሐምሌ ወዲህ ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም ይሉኛል።

ቤቶቹን አየሃቸው? አሥራ አንድ። በመስመር፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ። ከወገብ በታች አፈር የተሞላ ሃይላንድ በጭቃ ተደርድሮ፣ ከወገብ በላይ ቀርከሃ፣ ክዳኑ ሣር። ሲሚንቶ የለ፣ ብረት የለ፣ ቆርቆሮ የለ። ቫርኒሹ እንዴት ያበራል! ከመንገዱ በኩል ያለውን ማለቴ ነው። በጓሮ በኩል ዞረህ አትይ፤ በጓሮ በኩል ፎቶ የሚያነሣ የለም።

ባነሩን ልታነብልኝ ትችላለህ? መነጽርህን ረሳህ? እሺ፣ እኔ ላንብብልህ። «መሬትን የማይጎዳ ቤት» ይላል። እውነት ነው፣ ጋሼ። እኔ ምስክር ነኝ። ያኛው የኔ ቤት የወደቀ ዕለት መሬት ምንም አልሆነችም።

ይህን ሁሉ ያሰቡት አንድ መሐንዲስ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ትሑት ሰው ስለሆኑ ሲመሰገኑ ያፍራሉ። ለሰው ማሰብ ማለት ከሳቸው ወዲያ የለም። እኛን ከሲሚንቶ አድነው፣ ራሳቸው እዚያ አሶሳ ከተማ ውስጥ በሲሚንቶ ቤት ይሰቃያሉ። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ሴራሚክ፣ ጥግ ላይ ቬንትሌተር። ሚስታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸውም አብረው ይሰቃያሉ። ጥሩ ጥሩውን ለድሃ፣ የተረፈውን ለራስ... እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

ይሞቃል አይደል? ተመልከት፣ ከፊታችን ያሉት ሰውዬ እንኳ አንገታቸው አላበው። መሃረብ ካለህ አቀብላቸው። ተዋቸው፣ አይዞሩም። ፕሮግራሙ ላይ ነው ሐሳባቸው።

እና ምን እያልኩህ ነበር? አዎ፣ የመጀመሪያውን ቤት ለኔ ነበር የሰጡት። አምና መስከረም። «ሞዴል ቤተሰብ» አሉን፤ እኔ፣ ሰገነት፣ ቤዚ። ሰገነት ያን ቀን ፀጉሯን ተሠራች። ቤዚ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አንድ ሃይላንድ አፈር እንድትሞላ ተሰጣት። በሻይ ማንኪያ ነው የሞላችው። ግማሹን ጫማቸው ላይ አፈሰሰችባቸው፣ መሐንዲሱ ግን አልተቆጡም። ሳቁ። ስሟን በማርከር ጻፉበትና ከፍ አድርገው ለእንግዶቹ አሳዩት። «ይህ ፕላስቲክ አራት መቶ ዓመት አይበሰብስም፤ መሬት ላይ ከሚጣል የዚህችን ልጅ ቤት ይሠራል» አሉ። አጨበጨብን። አንተም አጨብጭበሃል፣ ጋሼ፣ አስታውሳለሁ።

ቀርከሃውን የቆረጥነው እኛው ነን። በነሐሴ። እንግዶቹ በመስከረም ስለሚመጡ ቀርከሃው በነሐሴ መድረስ ነበረበት፤ ቀርከሃው ግን ይህን አልሰማም። ዛሬ ቤት የሚረከበው የሱለይማን እናት ሲያዩን በበርታኛ አንድ ነገር አሉ። ሱለይማን ሲተረጉምልን «ይህ ገና ወተት ነው ትላለች እናቴ። ዝናቡ ይውጣ፣ ሦስት ዓመት የሞላውን መርጣችሁ በጥር ቁረጡ፣ ወንዝ ውስጥ አሳድሩት» አለን። መሐንዲሱ በትህትና ሰሙ። ማስታወሻቸው ላይም ጻፉ። «ልማዳዊ አስተሳሰብ» ብለው ነው የጻፉት... ግን ጻፉ። ስንቱ ኃላፊ ነው የአሮጊት ቃል የሚጽፍ?

እኔም ሳቅኩ። እውነቱን ልንገርህ። አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኛ! ቁረጥ አሉኝ፣ ቆረጥኩ። ገጀራው ሲገባበት ውሃ ይረጨኝ ነበር፤ ፊቴን ጠርጌ ሌላውን ቆረጥኩ። ይህን ለሌላ ሰው አልነገርኩም። ለሰገነትም።

ሱለይማን፣ አንተ አትስማን። ስለ ሌላ ነገር ነው የምናወራው። ዛሬ የደስታህ ቀን ነው። ሚስትህ ሐምዲያ ጥላ ውስጥ ትቀመጥ፣ ሕፃኑን ፀሐይ መታው።

አርባ ቀን ሞልቶታል? ሞልቶታል አሉ። አየኸው ጋሼ፣ እንዴት እንደሚተኛ? ይህ ሁሉ ማይክሮፎን እየጮኸ! የኔዋም እንደዚሁ ነበረች። ነጎድጓድ አያነቃትም።

ቤቱ ምቹ ነበር፣ ምን ልበልህ። ቀዝቃዛ። ንጹሕ። ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነበር፤ ምድጃው ውጭ፣ ጭስ አልባ። «ጭስ ሳንባ ይጎዳል» አሉ መሐንዲሱ። ልክ ናቸው። የቤዚ ሳንባ ንጹሕ ነበር። አንድ ቀን አላሳላትም፣ እስከ መጨረሻው።

የሱለይማንን እናት ቤት ግን አይተህ ታውቃለህ? ሠላሳ ዓመቱ ነው። እሳቱ መሐል ላይ ነው፣ ጭሱ በሣሩ ነው የሚወጣው። ቀርከሃው ጠቁሮ ጠቁሮ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል። ነቀዝ አፉን ቢያስቀምጥበት ታንቆ ይሞታል። መሐንዲሱ ያንን ቤት አንድ ጊዜ ገብተው ጎብኝተውታል። ዓይናቸውን እየጠረጉ ወጡ። ያለቀሱ መስሎን ነበር... ጭሱ ነው። ያኔ ነው ዓይናቸው ውስጥ እንባ ያየሁት፤ ከዚያ በኋላ አጋጣሚው አልተገኘም።

በኛ ቤት በሦስተኛው ወር ነው ድምፁ የጀመረው። ዝም ብለህ ስትቀመጥ ቀርከሃው ውስጥ ቅርጥፍ ቅርጥፍ ይላል። ቢሮ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። «ቤቱ የተፈጥሮ ነው፣ ይተነፍሳል፤ አትደንግጥ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። የሚተነፍስ ቤት ማን አለው? ሰገነት ጠዋት ጠዋት ከቤዚ ፊት ላይ ነጭ ዱቄት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር። «ቤቱ ተንፍሶባት ነው» እላታለሁ። እንስቃለን። ቤዚም ትስቅ ነበር፤ ዱቄቱን በጣቷ ነክታ ግንባሬ ላይ ትቀባኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ቤቱ መተንፈሱን ተወ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ዝናብ። እሷ ምሳዋን በልታ ተኝታለች፣ ሰገነት ጎረቤት እሳት ልትጭር ወጣ ብላለች... ቤታችን ውስጥ እሳት የለማ! ቋሚዎቹ ውስጣቸው ዱቄት ሆኖ ኖሯል። ሲለቁ የሃይላንዱ ግድግዳ ወደ ውስጥ መጣ። አፈር የሞላ ሃይላንድ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃለህ? ጠንካራ ሥራ ነው፣ አይካድም። ሰባት ወንድ ሆነን ነው ያነሣነው። አንተም ነበርክ፤ ጣትህ የተላጠው ያኔ ነው።

ከሥሩ የሷን ሃይላንድ አገኘሁት። ስሟ ያለበትን። አልተሰነጠቀም። ጭረት እንኳ የለበትም። ጋሼ፣ መሐንዲሱ ሙያቸውን ያውቃሉ። አራት መቶ ዓመት አሉ፣ አንዱ ዓመት ሊሞላ ነበር። ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ይቀረዋል።

ቆይ፣ ውሃ ልጠጣ።

...ለቅሶ አልመጡም ብለው የሚያሟቸው አሉ። እኔ አላማቸውም። ሥራ አለባቸው። ደብዳቤ ልከዋል። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ «ጉዳዩ፦ ሐዘንን ስለመግለጽ» ይላል። ከሥሩ ግልባጭ ለሚመለከታቸው። የኔ ልጅ ማንን ማንን እንደምትመለከት ያወቅኩት ያኔ ነው። ፊርማቸው ያምራል፤ የሚቸኩል ሰው ፊርማ አይመስልም።

ኮሚቴም አቋቋሙልን። ኮሚቴው አንድ ቀን መጣ፣ ፍርስራሹን ለካ፣ ሄደ። ሪፖርቱ «የተጠቃሚው የአያያዝ ጉድለት» ይላል። ተጠቃሚው እኔ ነኝ። ሳነበው መጀመሪያ የተናደድኩ መሰለኝ። ኋላ ሳስበው ደግሞ... ልጄን መያዝ በነበረብኝ ሰዓት አልያዝኳትም፣ ያ እውነት ነው። ብቻ ቀርከሃን በነሐሴ መቁረጥ የሚለው ነገር አንድም ገጽ ላይ የለም። ወረቀት አልቆባቸው ይሆናል።

ዛሬ ስገባ ደግሞ ምን ሆነ መሰለህ? መግቢያው ላይ ያለችው መዝጋቢ ቲሸርት ትሰጣለች። ለኔ ሰጠችኝ። «ልጅ አለህ? የልጅ ልክም አለን፤ ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ። «ሦስት» አልኳት። አሁንም ሦስት ናት። ይኸው፣ በኪሴ አለ። «አረንጓዴ ቤት ለነገው ትውልድ» ይላል። ቀለሙ አይለቅም አለችኝ።

አንገታቸውን አየህ? አሁንስ ሙቀቱ ባሰባቸው። ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡት። ጋሼ፣ እግርህ ነክቷቸው ይሆን?

ከዚያ የቤዚ አርባ ሳይወጣ፣ ነሐሴ ላይ፣ በተጠለልንበት ቤት በር ቀርከሃ የጫነ አይሱዙ አለፈ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። አረንጓዴ፣ ጫፉ ውሃ የሚያንጠባጥብ። ሰገነት በሩ ላይ ቆማ ቆጠረቻቸው። በማግስቱ ልብሷን ይዛ ድባጤ እኅቷ ዘንድ ሄደች፤ እስካሁን እዚያው ናት። መሐንዲሱ ግን ተስፋ የማይቆርጡ ሰው ናቸው። ሌላው ቢሆን አንድ ቤት ሲወድቅበት ይደነግጣል። እሳቸው አሥራ አንድ ሠሩ! በዚያው በነሐሴ ቀርከሃ፣ በዚያው ውፍረት፣ ያው እሳት የማይነድበት። ያየኸው ጽናት ነው። ዛሬ ጠዋት በአንደኛው ጓሮ አለፍኩ። ከቋሚው ሥር ነጭ ዱቄት አለ፣ የጣቴን ቁመት ያህል። መተንፈስ ጀምሯል ማለት ነው።

ሱለይማን፣ ወንድሜ፣ ሰማህ እንዴ? አይ፣ ላንተ አይደለም። ላንተ ቁጥር አንድ ነው የደረሰህ አሉ። ዕቃችሁ ተሰናድቷል? የሕፃኑ አልጋ በየት በኩል ይሆናል? በግድግዳው በኩል... አዎ፣ ንፋስ አለው በዚያ በኩል። እናትህ ዛሬም አልመጡም? ጥቁር ቤታቸው ውስጥ ናቸዋ። ዓይናቸው እያለቀሰ፣ ጣሪያቸው እንደቆመ። ሐምዲያ፣ እኅቴ፣ ለምን ታቀረቅሪያለሽ? ሳቂ እንጂ፣ ካሜራው መጣ።

ጸጥ በል ጋሼ፣ በማይክሮፎን እየጠሩ ነው። የቤት ቁጥር አንድ ቁልፍ ርክክብ። «ክቡር» አሉ። አየህ፣ ከፊታችን ያሉት ሰውዬ ተነሡ። ቁልፉም በእጃቸው ነው። ተነሥ፣ እኛም እንነሣ። ሰው ሲነሣ መነሣት ነው ደግ።

ውይ! እርስዎ ኖረዋል እንዴ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጀርባዎትን አላወቅኩትም። ከሐምሌ ወዲህ ከፊርማዎ በቀር አልተገናኘንም እኮ! ጋሼ ደባልቄን ሳጫውት ነው፣ ስለ አንድ የማውቃቸው ሰው። እርስዎ አያውቋቸውም።

ምነው ወደ ማይክሮፎኑ ቸኮሉ? ይህን ያህል ቤት ሠርተው ሳይመረቁ ሊሄዱ? አይሆንም። ቀና ይበሉልኝ፣ አንድ ደቂቃ ነው። ሱለይማን፣ አንተ እጅህን ገና አትዘርጋ። ሐምዲያ፣ ልጁን እንደታቀፍሽ ቆዪ። እኔ ስመርቅ እሳቸው አሜን ይላሉ። አሜናቸውን በጆሯችሁ ከሰማችሁ ቁልፉን ተቀበሉ፣ ዛሬውኑ ግቡ፣ እኔም ዕቃ አግዛለሁ። ካልሰማችሁ ግን የእናታችሁ እሳት አልጠፋም።

እሰይ። ቀና አሉ።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት። የሠሩበት እጅ ይባረክ። ልጆችዎ ይደጉ፣ ይማሩ፣ ወግ ማዕረጋቸውን ያሳይዎት። ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱም ጎናቸውን የሚያሳርፉበት ቤት ሁሉ፣ ለቤዚ የሠሩላትን ይምሰልላቸው።