በሩ ላይ ማን ይቆማል?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሠራተኛ ማኅበራችን አባላት፣ ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ጎረቤቶች፤ አንቺም እህቴ፣ ባልሽን ልትሸኚ ልጅሽን ተደግፈሽ የቆምሽ፤ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ድምፄ ከተቆራረጠ ታገሱኝ። ከሐዘኑ ይልቅ ፍርሃቱ ነው የሚያንቀጠቅጠኝ።

"ጋሽ ስጋት" እንለው ነበር። ስሙን ያወጣንለት እኛ የመተኮሻ ክፍል ሴቶች ነን። ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ላውንደሪ ውስጥ አብረን ነበር የምንሠራው። እሱ ማጠቢያ ማሽን ላይ ነው፣ የማኅበራችንም ጸሐፊ ነበር። በዕድሜ አባቴ ይሆናል። ግን አንቱ ስለው "ምነው፣ አማትሽ ነኝ እንዴ?" ይለኝ ስለነበር ዛሬም አንተ ነው የምለው።

የማይፈራው ነገር ምን ነበር? እርጥብ ወለል ይፈራል። የተላጠ ሽቦ ይፈራል። መሰላል ላይ ሰው ካየ ሥራውን ጥሎ ሮጦ መሰላሉን ይይዛል። ሚስቱ "ቤትም ያው ነው፤ ምድጃውን አጥፍቶ ይተኛና ተነስቶ ደግሞ ያየዋል" ትለን ነበር።

አምና በመኸር ማኅበሩ ልጆቻችንን ሽርሽር የወሰደ ዕለት ትዝ ይላችኋል? ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ ተደርድረው "እንሂድ፣ እንሂድ" ይላሉ። እሱ በዚያ ንጹሕ ሱሪው አውቶቡሱ ሥር ገብቶ ጎማ ይመረምራል። ሾፌሩ ሰለቸውና "አባባ፣ ካልሆነ እርስዎ ይንዱትና እኔ ልተኛ" አለው። "መንዳት እፈራለሁ" አለ ከሥር። በሳቅ ሞትን። ጎማው ደግሞ ምንም አልሆነም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የሚፈራው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም። እሱ ግን በዚህ አፍሮ አያውቅም። "እሰይ፣ በከንቱ ፈራሁ" ይልና ሱሪውን አራግፎ ይገባል።

መኸር ሲገባ የማኅበሩን ዜና የሚያሰማንም እሱ ነበር። ምሳ ላይ ሆነን ብርጭቆውን በማንኪያ ይመታል። መጀመሪያ ደስ የሚለው ይመጣል። ማን ወለደች፣ ማን ልጁን ዳረ፣ የልጆቹ ኳስ ጨዋታ የት ነው፣ የጡረተኞቻችንን ብርድ ልብስ የምናጥበው በየትኛው እሁድ ነው። የሚያስፈራውን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ከዚያ "በሉ፣ እንውጣ" ይላል። የአደጋ ጊዜ መውጫ ልምምድ መሆኑ ነው። ምሳችን እየቀዘቀዘ፣ እያጉረመረምን እንወጣለን። እሱ በሩ ላይ ቆሞ የእያንዳንዳችንን ትከሻ ነካ፣ ነካ ያደርጋል። ሰው አለመቅረቱን የሚያውቀው በእጁ ነበር። አንድ ቀን የማጣጠፊያዋ እህታችን "ኧረ ጋሼ፣ አንተስ ቀድመህ የምትወጣው መቼ ነው?" አለችው። "ከኋላዬ ሰው ቀርቶ እንደሆነስ? እፈራለሁ" አላት።

እንግዲህ ያን ዕለት። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ጠዋት ነው፣ ሥራ ገና መሞቁ ነው። ከመተኮሻው በላይ ያለው የእንፋሎት ቧንቧ ማፏጨት ጀመረ። "ውጡ" ሲል ሰማነው። እግራችን መንገዱን ያውቀዋል። ማንም ማንንም አልገፋም፣ ማንም ቦርሳዬን ብሎ አልተመለሰም። በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ነካ፣ ነካ፣ ነካ። መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ። ትከሻዬን ነካኝ፣ ይኸውላችሁ፣ እዚህ ጋ። ከኋላዬ ይመጣል ብዬ ነበር። ግቢው መሃል ስደርስ ቧንቧው ፈነዳ፤ ዘወር ስል በሩ አይታይም። ነጭ እንፋሎት ብቻ ነበር።

ትናንት ከሰዓት ሥራ አስኪያጃችን ቤቴ መጡ። አዎ፣ እዚያ ከኋላ ቆመዋል፤ ስለመጡ አመሰግናለሁ። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ። "ቧንቧው ተጠግኗል፣ ከቀብሩ ማግስት ጠዋት የእንፋሎቱ ቦይለር ይነሳል" አሉኝ። "ንግግር ታደርጊያለሽ ሲሉ ሰማሁ። ስለ ደግነቱ ተናገሪ። የቧንቧውን ነገር ባታነሺው ጥሩ ነው፣ ሰው ይደነግጣል። ልጆችም አሉሽ አይደል?" አሉኝ። አዎ፣ ልጆች አሉኝ። ጥገናውን ከድርጅቱ ውጭ የመጣ ባለሙያ አይቶታል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። "የእኛው ሰዎች አይተውታል" አሉኝ። የእኛው ሰዎች በፊትም አይተውት ነበር።

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ከሥራ መባረር እፈራለሁ። የቤት ኪራይ እፈራለሁ። አሁን ይህን እየተናገርኩ እንኳ ሥራ አስኪያጁ ወደቆሙበት ለማየት እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ያንን ቧንቧ እፈራለሁ። ማታ የሻይ ማንቆርቆሪያው ቢያፏጭ ልጆቼን እየጎተትኩ ደጅ አወጣኋቸው። ትልቋ "እማዬ፣ ሻይ እኮ ነው" አለችኝ። በባዶ እግራቸው ነበሩ፣ ምስኪኖች።

የዘንድሮው የመኸር ዜና ሳይነገር ቀርቷል። ሲለማመደው ሰምቼዋለሁና እኔ ልንገራችሁ። የማጣጠፊያዋ እህታችን አያት ሆናለች። የልጆቹ ኳስ ጨዋታ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ነው። ብርድ ልብሶቹ ተሰብስበዋል፣ የሚያጥብ ሰው ይፈለጋል። ለመጨረሻ ያቆየው ደግሞ ይኸው ነው፤ "ቧንቧው ታሟል። ደጋግሜ ተናገርኩ፣ የሚሰማኝ አጣሁ። እናንተ ስሙኝ።" ዜናው ይህ ነበር።

ታዲያ ነገ ጠዋት በሩ ላይ ማን ይቆማል? ቧንቧው እንደገና ቢያፏጭ ትከሻችንን ማን ይነካል? እኔ እቆማለሁ። የምቆመው ግን ከውጭ በኩል ነው። ከውጭ ባለሙያ መጥቶ ያን ቧንቧ እስኪያየው ድረስ እግሬ አይገባም። ደፋር ሁኑ አልላችሁም፣ እኔ ራሴ መች ደፋር ሆንኩና። የፈራ ይምጣ። የፈራ ይምጣና አጠገቤ ይቁም። በከንቱ ፈርተን ከሆነ እሰይ ነው፤ ልብሳችንን አራግፈን እንገባለን።

ጋሼ፣ እንግዲህ ለአንተ። አንድም ቀን ቀድመኸን ወጥተህ አታውቅም። ዛሬ ቀደምከን። ከኋላዬ ሰው ቀርቶ እንደሆነስ ብለህ እንደምትቆም አውቃለሁ፣ አውቅሃለሁ። አትቁም። የዚህ መካነ መቃብር በር ጠባብ ነው፣ አሁን ሰው ሁሉ በእሱ ይወጣል፣ እኔ እዚያ እቆማለሁ። እፈራለሁ። ቢሆንም የእያንዳንዱን ትከሻ እነካለሁ፣ የሚስትህንም የልጅህንም። ነገም እንደዚሁ።

በል ውጣ፣ ጋሼ። በሩ ላይ እኔ አለሁ። ደህና ሁን።